ዲስኩ ሲሰፋ ብሎኩ ለምን ይሰፋል?

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱ የሚያጠነጥኑት በፓርቲሽን (ለብቻው በተከፈለ የዲስክ ክፍል) ስፋትና በብሎክ መጠን ዙሪያ ስለሆነ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ዊንዶውስ ክላስተር ወይም አሎኬሽን ዩኒት የሚለውና ሊኑክስ ብሎክ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደረደሩበት ሥርዓት) ለፋይል የሚሰጠው ትንሹ የዲስክ ቁራጭ። ከዚህ በታች ኪሎባይት ስንል 1,024 ባይት ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ጥናት የምሠራ ተማሪ ነኝ። 200 ሺህ ያህል ትንንሽ የጽሑፍ ፋይሎች አሉኝ። ላፕቶፔ ላይ ፎልደሩ በሙሉ 800 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። አዲስ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ስገለብጠው ግን ከ24 ጊጋባይት በላይ በላ። ቫይረስ ነው? ወይስ ፍላሹ የውሸት ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። ፍላሽዎ ጤነኛ ነው፤ መስፈሪያው ነው ለእህልዎ የማይመጥነው።

ፋይል ሲስተም ፓርቲሽኑን እኩል በሆኑ ሳጥኖች ይሸነሽነዋል። ነገሩ የፖስታ ሳጥን እንደ መከራየት ነው፤ በዓመት አንድ ደብዳቤ ብቻ ቢመጣልዎትም ሳጥኑ የእርስዎ ነው፣ ጎረቤት አይጋራዎትም። አንድ ፋይል አንድ ሳጥን ከያዘ የተረፈው ባዶ ቦታ ለሌላ ፋይል አይሰጥም።

አሁን ወደ እርስዎ ፋይሎች እንምጣ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል፤ አራት ነጥቡም እንዲሁ። ስለዚህ 1,000 ፊደል ያለው ፋይል ወደ 3 ኪሎባይት ይጠጋል። የላፕቶፕዎ ፋይል ሲስተም ኤንቲኤፍኤስ ነው፤ ሳጥኑ 4 ኪሎባይት ስለሆነ 1,365 ፊደል ይችላል፣ የእርስዎን ፋይል ከሞላ ጎደል በልኩ ይይዛል። 200,000 ሲባዛ በ4 ኪሎባይት 781 ሜጋባይት ይመጣል። ፍላሹ ደግሞ ኤክስፋት ነው፤ የአንዱ ሳጥን ስፋት 128 ኪሎባይት ነው። ከ128ቱ ውስጥ 3ቱ ጽሑፍ፣ 125ቱ አየር። 200,000 ሲባዛ በ128 ኪሎባይት 24.4 ጊጋባይት ይሆናል። ያዩት ቁጥር ይኸው ነው።

ለምን 128? ዊንዶውስ ኤክስፋት ሲያደርግ የሚመራበት የራሱ ሰንጠረዥ አለው፦ እስከ 256 ሜጋባይት ለሆነ ፓርቲሽን 4 ኪሎባይት፣ ከዚያ እስከ 32 ጊጋባይት 32 ኪሎባይት፣ ከ32 በላይ ለሆነ 128 ኪሎባይት። ያው ፎልደር 32 ጊጋባይት ተብሎ በተሸጠ ፍላሽ ላይ ቢገለበጥ 6.1 ጊጋባይት ብቻ ይይዝ ነበር። ትልቁን ፍላሽ በመግዛትዎ ብክነቱ በአራት እጥፍ አደገ ማለት ነው። ሰንጠረዡ የተሠራው ፍላሽ ቪዲዮና ፎቶ ይያዝበታል ተብሎ ነው። ለዚያ ደግሞ ጥሩ ነው፤ የሳጥኖቹ ቁጥር ሲያንስ የሚመዘገበው ይቀንሳል፣ ትልቅ ፋይልም ሳይበታተን ይቀመጣል። የእርስዎ ፍላሽ በ128 ኪሎባይት ሲሸነሸን ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሳጥን ብቻ ነው ያለው። ፋይሉ አንድ ፊደል ቢሆንም ከዚያ በላይ ፋይል አይገባም።

በዓይንዎ ለማየት ፍላሹ ላይ ያለውን ፎልደር ራይት ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስ ይክፈቱ። ሳይዝ የሚለው መስመር የጽሑፉን ትክክለኛ መጠን፣ ሳይዝ ኦን ዲስክ የሚለው ደግሞ የተያዙትን ሳጥኖች ይነግርዎታል። የአንድ ትንሽ ፋይል ሳይዝ ኦን ዲስክ ራሱ የክላስተሩ መጠን ነው። ይህን ሙከራ ኤንቲኤፍኤስ ላይ የሚያደርጉ ከሆነ ግን ከ1 ኪሎባይት የሚበልጥ ፋይል ይጠቀሙ። ከ700 ባይት ገደማ የሚያንስ ፋይል ኤንቲኤፍኤስ የራሱ መዝገብ ውስጥ ስለሚያስገባው 0 ባይት ሊልዎት ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ፍላሹን የሚፈልጉት ለማጓጓዝ ብቻ ከሆነ ፎልደሩን መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ ዚፕ ያድርጉት። 200 ሺህ ፋይል አንድ ፋይል ይሆናል፣ ብክነቱም ከአንድ ሳጥን አያልፍም፤ ኮፒውም እጅግ ይፈጥናል። እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። ፋይሎቹን ፍላሹ ላይ ከፍተው የሚሠሩባቸው ከሆነ ግን ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ያውጡና ዲስ ፒሲ ውስጥ ፍላሹን ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ፎርማት ይበሉ። አሎኬሽን ዩኒት ሳይዝ በሚለው ዝርዝር 4096 ባይትስ ይምረጡ፣ ኩዊክ ፎርማት ላይ ምልክት እንዳለ ይተዉና ስታርት ይጫኑ። ዊንዶውስ ላይ ብቻ ከሆነ የሚሠሩት ፋይል ሲስተሙን ኤንቲኤፍኤስ ያድርጉት። ማክ ላይም የሚሰኩት ከሆነ ኤክስፋትን አይልቀቁ፤ ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ካሜራ ውስጥ የሚገባ ሜሞሪ ካርድ ላይ ይህን አይሞክሩ፤ ካርዱን ካሜራው ራሱ ፎርማት ያድርገው።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ቴፕ ፋት32 ብቻ ነው የሚያነበው። 64 ጊጋባይት ፍላሽ ገዝቼ መዝሙር ልጭንበት ብል ዊንዶውስ ፋት32 የሚለውን ምርጫ ጭራሽ አያሳየኝም። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የዊንዶውስ የፎርማት መስኮት ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆነ ፓርቲሽን ፋት32ን አያቀርብም። ክልከላው የመስኮቱ እንጂ የፋይል ሲስተሙ አይደለም፤ ፋት32 ራሱ በተለመደው 512 ባይት ሴክተር እስከ 2 ቴራባይት ይሄዳል።

ቀላሉ መንገድ ሩፎስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም መጠቀም ነው። ፍላሹን ይምረጡ፣ ቡት የማያደርግ የሚለውን ይያዙ፣ ላርጅ ፋት32 እና 32 ኪሎባይት ክላስተር ይምረጡ። ከመጀመርዎ በፊት የተመረጠው ፍላሹ መሆኑን ደግመው ይዩ፤ ኤክስቴርናል ሃርድ ዲስክ አብሮ ተሰክቶ ከሆነ ይንቀሉት። ፕሮግራም መጫን ካልፈለጉ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብተው ፍላሹ ላይ ያለውን ቮልዩም (ፎርማት የተደረገውን ፓርቲሽን) ያጥፉና 30,000 ሜጋባይት የሆነ አዲስ ቮልዩም ይፍጠሩ። ያን ጊዜ ፋት32 ይመጣል፣ ክላስተሩም 16 ኪሎባይት ይሆናል። ቀሪው ቦታ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል።

ክላስተሩን ወደ 64 ኪሎባይት አያሳድጉት፤ አንዳንድ ቴፖች አይቀበሉትም። ወደ 4 ኪሎባይትም አያውርዱት። ፋት32 ለእያንዳንዱ ክላስተር 4 ባይት የሚወስድ ሰንጠረዥ በሁለት ቅጂ ይይዛል። 64 ጊጋባይት በ4 ኪሎባይት ሲሸነሸን አንዱ ቅጂ ብቻ 64 ሜጋባይት ይሆናል፤ በ32 ኪሎባይት ግን 8 ሜጋባይት ነው። አቅሙ ደካማ የሆነ ቴፕ ያንን ትልቅ ሰንጠረዥ ሲያገላብጥ ነው ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ለረጅም ጊዜ የሚያስጠብቀው። 5 ሜጋባይት የሆነ መዝሙር ላይ 16 ኪሎባይት ቢባክን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ክላስተሩን ምንም ቢያደርጉት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይገባም። ያ ገደብ የሚመጣው የፋይሉ ርዝመት በ32 ቢት ስለሚጻፍ ነው፣ ከሳጥኑ ስፋት ጋር ዝምድና የለውም።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ያስተካከለልኝ ልጅ 1 ቴራባይቱን ዲስክ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ብሎ አራት ቦታ ከፈለው። «ትንሽ ትንሽ ሲሆን ቦታ አያባክንም» አለኝ። እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ በ1990ዎቹ እውነት ነበር። ዛሬ ከልማድ አይዘልም።

ያን ጊዜ የነበረው ፋት16 ከ65 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ክላስተሮችን ብቻ ነበር መቁጠር የሚችለው። ቁጥሩ ከዚያ ስለማያልፍ ፓርቲሽኑ ሲሰፋ ሳጥኑ የግድ መስፋት ነበረበት፦ እስከ 256 ሜጋባይት ድረስ 4 ኪሎባይት፣ እስከ 512 ሜጋባይት 8፣ እስከ 1 ጊጋባይት 16፣ እስከ 2 ጊጋባይት 32። የ2 ጊጋባይት ባለቤት ለእያንዳንዷ ሁለት መስመር ደብዳቤ 32 ኪሎባይት ይከፍል ነበር። ዲስኩን አራት ቦታ የከፈለው ግን 8 ኪሎባይት ነበር የሚከፍለው። ባለሙያው የተማረው ከዚያ ዘመን ሰው ነው።

ኤንቲኤፍኤስ ከ4 ቢሊዮን በላይ ክላስተር ይቆጥራል። ስለዚህ ፓርቲሽኑ 100 ጊጋባይት ሆነ 10 ቴራባይት ዊንዶውስ የሚሰጠው ያው 4 ኪሎባይት ነው። መክፈል የቆጠበልዎት ቦታ የለም። ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ዲ ላይ ያለው ፋይል ሳይነካ መቅረቱ ጥቅም ነው፤ ለዚያ ሁለት ይበቃል። ዲስኩ ራሱ ከተበላሸ ግን አራቱም አብረው ይሄዳሉና ዲ ላይ ማስቀመጥን እንደ ባክአፕ አይቁጠሩት። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚያማርረው ሲ 60 ጊጋባይት ተሰጥቶት በአፕዴት ሲሞላና ዲ ባዶውን ሲቀመጥ ነው። ሲን ለማስፋት ባዶው ቦታ ወዲያው በቀኙ መሆን አለበት፣ እዚያ ደግሞ ዲ ተቀምጧል። ሲን ከ120 ጊጋባይት ባያሳንሱት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የድርጅታችን የካሜራ ቅጂ የሚቀመጥበት ሰርቨር 12 ቴራባይት ቮልዩም ነበረው። ዲስክ ጨምረን በዊንዶውስ ቆጠራ 24 ቴራባይት አደረስነው። ኤክስቴንድ ቮልዩም ስንል ግን የክላስተሩ ብዛት ፋይል ሲስተሙ ከሚችለው በላይ ይሆናል ብሎ እምቢ አለ። (የአይቲ ክፍል ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መልእክቱ ቃል በቃል እውነቱን ነው የነገራችሁ። 4 ቢሊዮን ከምናምን ክላስተር ሲባዛ በ4 ኪሎባይት 16 ቴራባይት ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ቦታ የሚጠራበት ቁጥር የለውም። ቮልዩሙ የተፈጠረ ቀን 12 ስለነበር ዊንዶውስ ዝም ብሎ 4 ኪሎባይት ሰጠው። በዚያው ቀን 24 ቴራባይት ሆኖ ቢፈጠር ኖሮ ራሱ 8 ኪሎባይት ይመርጥ ነበር፦ ከ16 እስከ 32 ቴራባይት 8፣ እስከ 64 ቴራባይት 16፣ እስከ 128 ቴራባይት 32፣ እስከ 256 ቴራባይት 64 ኪሎባይት ነው አመራረጡ።

ችግሩ ፓርቲሽን ቆይቶ ሲሰፋ ክላስተር ግን በፎርማት ቀን እንደተወሰነ መቅረቱ ነው። ፎርማት ሳይደረግ ክላስተር የሚቀይር መሣሪያ ዊንዶውስ ውስጥ የለም። እንቀይራለን የሚሉ የውጭ ፕሮግራሞች አሉ፤ 12 ቴራባይት ዳታ እያንዳንዱን ክላስተር ሲያንቀሳቅሱ መብራት ቢሄድ የሚሆነውን አስቡት።

ቅጂ የሚይዝ ሌላ 12 ቴራባይት ካላችሁ አውጡት፣ ቮልዩሙን አጥፉና ሙሉውን 24 በ64 ኪሎባይት ፎርማት አድርጉ። ጣሪያው 256 ቴራባይት ስለሚሆን ዳግመኛ አያስቸግራችሁም። ለቪዲዮ ብክነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የካሜራው ፕሮግራም በ256 ሜጋባይት እየቆረጠ የሚያስቀምጥ ቢሆን 24 ቴራባይት ላይ 98 ሺህ ገደማ ፋይል ይኖራል። ከእያንዳንዱ በአማካይ ግማሽ ክላስተር፣ ማለት 32 ኪሎባይት ቢባክን ድምሩ 3 ጊጋባይት ነው። የምታጡት ነገር ቢኖር የኤንቲኤፍኤስን ኮምፕሬሽን ነው፤ ከ4 ኪሎባይት በላይ በሆነ ክላስተር አይሠራም። የካሜራ ቅጂ ግን ቀድሞውኑ የተጨመቀ ስለሆነ አያስፈልጋችሁም።

ማውጫ ቦታ ከሌላችሁ አዲሱን 12 ቴራባይት ለብቻው ሁለተኛ ቮልዩም አድርጉትና በ64 ኪሎባይት ፎርማት አድርጉ፤ ፕሮግራሙ ሁለት ማከማቻ የሚቀበል ከሆነ እዚያው ላይ ያበቃል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። «ዳታውን ወደ አዲሱ ገልብጠን የድሮውን ካጠፋን በኋላ አዲሱን እናሰፋዋለን» ይላሉ። ዲስክ ማኔጅመንት የሚያሰፋው ወደ ቀኝ ብቻ ነው፤ የተለቀቀው ባዶ ቦታ ግን በግራ በኩል ነው የሚቀረው። ኤክስቴንድ የሚለው ቃል ደብዝዞ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ 20 ጊጋባይት ፓርቲሽን አለኝ። 5 ጊጋባይት ብቻ ተይዞ ሳለ ዌብሳይቱ «ዲስክ ላይ ቦታ የለም» እያለ ይቆማል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ያለቀው ብሎክ ሳይሆን አይኖድ ሊሆን ይችላል። ዲኤፍ የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝ አይ ጋር (df -i) ያስኪዱት፤ የተጠቀሙት 100 ከመቶ ካለ ነገሩ ተረጋገጠ።

ኤክስት4 ላይ እያንዳንዱ ፋይል አንድ አይኖድ ይፈልጋል፤ የፋይሉ ባለቤት፣ ፈቃድ፣ ቀንና አድራሻ የሚጻፍበት 256 ባይት የሆነ ቅጽ ነው። የቅጾቹ ብዛት ፎርማት ሲደረግ በፓርቲሽኑ ስፋት ይወሰናል፦ በተለመደው አሠራር ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ። 20 ጊጋባይት ለ16 ኪሎባይት ሲካፈል 1,310,720 ይሆናል። ፋይሎቹ ሁሉ ከአንድ ብሎክ የማይበልጡ ከሆኑ፣ 1,310,720 ሲባዛ በ4 ኪሎባይት በትክክል 5 ጊጋባይት ይመጣል። ቁጥርዎ ከዚህ ጋር መግጠሙ በአጋጣሚ አይመስለንም። እንዲህ የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ የማይጸዱ የሴሽንና የካሽ ፋይሎች ናቸው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኢምንት ፋይሎች።

ዛሬውኑ የሚደረገው እነሱን ማጽዳት ነው። ፎልደሩ ውስጥ በኮከብ ምልክት ሁሉንም አጥፋ ቢሉት የስሞቹ ዝርዝር በጣም ረዘመ ብሎ እምቢ ይላል፤ ፋይንድ በሚለው ትእዛዝ ከ2 ቀን በላይ የሆናቸውን እየፈለገ እንዲያጠፋ ያድርጉ፣ ከዚያም ክሮን በሚባለው ሥራን በሰዓቱ በሚያስኪድ ፕሮግራም በየሌሊቱ እንዲደገም ይተዉት። ፓርቲሽኑን ማስፋት የሚችሉ ከሆነ አይኖዱም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ 40 ጊጋባይት ሲሆን እጥፍ ይሆናል። እንደገና ፎርማት የሚያደርጉ ከሆነ ደግሞ አንድ አይኖድ ለ4,096 ባይት እንዲሆን ያዝዙት፤ 5.2 ሚሊዮን ያገኛሉ፣ በምትኩ 1.25 ጊጋባይት ለቅጾቹ ይሄዳል። ከዚህ ዝቅ ማድረግ ትርጉም የለውም፤ ከብሎኩ ብዛት በላይ ቅጽ ምን ያደርጋል። ኤክስኤፍኤስ አይኖድን እንደ አስፈላጊነቱ ስለሚፈጥር ለእንዲህ ያለ ሥራ የተሻለ ነው።

ሰርቨርዎ ከትንሽ ኢሜጅ ተነሥቶ የተሰፋ ከሆነ ብሎኩንም ይመልከቱ። ኤክስት4 ከ512 ሜጋባይት በታች ለሆነ ፓርቲሽን ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረው 1 ኪሎባይት ብሎክ ነው፤ ኢሜጁ በኋላ 20 ጊጋባይት ቢሆንም 1 ኪሎባይቱ አይለወጥም። ቱን2ኤፍኤስ የሚለው ትእዛዝ በሰረዝ ኤል (tune2fs -l) ሲጠየቅ ብሎክ ሳይዝ በሚለው መስመር 1024 ካለ ትላልቅ ፋይሎች ላይ የሚታየው ዝግመት አንድ ምክንያቱ ያ ነው።

ጥያቄ፦ ብሎክና ሴክተር አንድ ናቸው? የድሮ ዲስኬን ወደ አዲስ ክሎን ካደረግሁ በኋላ ጽሑፍ ላይ በጣም ዘገመ። (ከደሴ)

መልስ፦ አይደሉም። ሴክተር የዲስኩ የራሱ ክፍል ነው፤ ብሎክ ከሴክተሮች ተሰባስቦ የሚሠራ የፋይል ሲስተሙ ክፍል ነው። በዛሬ ዲስኮች ውስጥ ሴክተሩ በአብዛኛው 4,096 ባይት ነው፣ ለውጭው ዓለም ግን 512 ነኝ ይላል። የዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ፓርቲሽን የሚጀምረው ሴክተር 63 ላይ፣ ማለት 32,256 ባይት ላይ ነው። ይህ ለ4,096 ሲካፈል 7.875 ይመጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ 4 ኪሎባይት ብሎክ ሁለት ሴክተር ላይ እግሩን አንፈራጦ ይቀመጣል። አንድ ብሎክ ለመጻፍ ዲስኩ ሁለቱንም አንብቦ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ ይጽፋል። ክሎን ሲደረግ ያ አጀማመር እንዳለ ተገልብጧል።

ሲስተም ኢንፎርሜሽንን ይክፈቱ፤ ኮምፖነንትስ፣ ስቶሬጅ፣ ዲስክስ ብለው ይግቡና ፓርቲሽን ስታርቲንግ ኦፍሴት የሚለውን ቁጥር ለ4,096 ያካፍሉት። 1,048,576 ከሆነ ውጤቱ 256 ስለሆነ ደህና ነው። ነጥብ ያለው ቁጥር ከመጣ ፋይሎቹን ያውጡ፣ ፓርቲሽኑን አጥፍተው በዊንዶውስ 10 ወይም 11 እንደገና ይፍጠሩት፤ አጀማመሩን ራሱ 1 ሜጋባይት ላይ ያደርገዋል። ክሎን የሚያደርገው ፕሮግራም አላይንመንት (አጀማመርን ማስተካከል) የሚል ምርጫ ካለው ደግሞ ክሎኑን በዚያ መድገም ይችላሉ።